አዳኝ ከመጽሐፍ ምን ይማራል?

እንደሚታወቀው በአገራችን አደን የሚለመደው በተግባር ነው። ልጅ አባቱን ወይም አጎቱን ተከትሎ ጫካ ይገባል፤ ያያል፤ ዝም ማለትን ይማራል፤ አንድ ቀን ተራው ይደርሳል። ታዲያ «አደን በመጽሐፍ ይጠናል» ቢባል ብዙ ሰው መሳቁ አይቀርም። እኔም ስቄ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሳቄን ያስተወኝን ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ያደግሁት ሰንበቴ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ሲኬድ የምትገኝ፣ በእሁድ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በአንድ ሜዳ ይገበያይባታል። በስተ ምዕራብ ገደላማው ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ አለ። አጎቴ በተራራው ሥር ባለው ቁጥቋጦ ድኩላ ያድን ነበር። ነፋሱን ለማወቅ አፈር ዘግኖ ይበትናል። በጠጡን በጣቱ ይነካና እንስሳው ካለፈ ምን ያህል እንደቆየ ይናገራል። አንድ የማይጥሰው ደንብም ነበረው፦ ግልገል ያላት ሴት አይተኮስባትም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አንዲት ድኩላ ብቻዋን ስትበላ አገኘን። ሴት መሆኗን ቀንድ በማጣቷ አወቅን። አጎቴ ብዙ ጊዜ ወስዶ ዙሪያዋን ቃኘ፤ ግልገል የለም። በምንሽሩ ተኮሰ። ቢስሚላህ ብሎ ካረዳት በኋላ ስንገፍ ግቷ ወተት ሞልቶታል። ግልገሉን እስከ ረፋድ ፈለግን፤ አላገኘንም። በመንገድ ላይ አንድ ቃል ሳንነጋገር ቤት ገባን።

ኮሌጅ ገብቼ የጆናታን ኪንግደንን የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት መመሪያ (እ.ኤ.አ. 1997) እና የሪቻርድ ኤስቴስን የእንስሳት ባሕርይ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1991) ሳገላብጥ መልሱ እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር። ድኩላ ከወለደች በኋላ ግልገሏን አታስከትልም። ለብዙ ሳምንታት ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ትተወዋለች። ሄዳ ታጠባዋለች፣ ጠረኑን አውሬ እንዳያሸትት በጠጡን ሳይቀር ትበላለች፣ ከዚያ ብቻዋን ለግጦሽ ትወጣለች። እንግዲህ ድኩላ ብቻዋን መታየቷ ግልገል የላትም ማለት አይደለም! የአጎቴ ደንብ ትክክል ነበር፤ ደንቡን በሥራ ለማዋል የሚያስፈልገው አንድ እውቀት ግን ጎድሎት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለ አደን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የሚያወሩት ዲር ስለሚባለው እንስሳ ነው። እኛ ስንተረጉመው አጋዘን እንላለን፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ወንዱ ዲር ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። የእኛዎቹ አጋዘንና ድኩላ ግን የበቀለ ቀንዳቸውን ዕድሜ ልክ ይዘውት ይኖራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀዝቃዛ አገሮች ዲር የሚወልደው በታወቀ ወቅት ስለሆነ አደኑን በወር መወሰን ይቻላል። ድኩላ ግን በብዙ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች። ስለዚህ «በዚህ ወር ግልገል የለም» ብሎ መተማመን አይቻልም። የሰው አገር መጽሐፍ እንዳለ ከተወሰደ ያሳስታል ማለት ነው።

መጽሐፍን የአደን ትምህርት አካል ያደረጉ አገሮች አሉ። በጀርመን አገር ማንም ሰው የአደን ፈቃድ የሚያገኘው ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። ፈተናው የጽሑፍ፣ የቃልና የተኩስ ክፍል አለው። ዒላማ የሚመታ ሰው የእንስሳውን ባሕርይና ሕጉን ካላወቀ ይወድቃል። በሌላ በኩል ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የካላሃሪ አዳኞች ኮቴ ሲከተሉ የሚያስቡት አንድ ሳይንቲስት በሚያስብበት መንገድ ነው ይላል። ምልክት ያያሉ፣ ይገምታሉ፣ ቀጣዩ ምልክት ግምታቸውን ሲያፈርስ ይተዉታል። አጎቴም ሲያደርግ ያየሁት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰው ዓይን የሚያየው በአንድ ሰው ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው፤ መጽሐፍ ግን የብዙ ዓይኖችን ትዝብት ይሰበስባል።

አሁን እኔ ራሴ አላድንም። በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፤ የእኛም የያኔው አደን ፈቃድ አልነበረውም። ነገር ግን ለእረፍት አገሬ ስሄድ በማለዳ ወደዚያው ተረተር እወጣለሁ። ኮቴ እለካለሁ፣ በጠጥ እቆጥራለሁ፣ ነፋሱን በአፈር እፈትሻለሁ፣ ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ድኩላን ሳያይህ ማየት ከመተኮስ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ባለፈው እረፍት መጽሐፉ የሚለውን ለአጎቴ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ «መጽሐፉ ይህን ካወቀ ምነው ቀድሞ አልነገረን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተረተሩ ላይ።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ልንሠራው የምንችለው ሥራ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በየአገራችን ያሉ አዛውንት አዳኞች የሚያውቁትን ሳያልፉ እንጻፍ፤ መጽሐፍ የሚያውቀውን ደግሞ እነሱ በሚሰሙት ቋንቋ እንንገራቸው። ያቺ ድኩላ የሞተችው በጭካኔ አይደለም፤ ባለማወቅ ነው። አለማወቅን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።