ራሞ ያየው ጭፈራ

መጀመሪያ ያየሁት ስድስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ አጭር ፊልም ነው። ጨለም ባለ መድረክ ላይ ጂንስና ስኒከር ያደረጉ ወጣቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዱ ወደ መሀል ይገባል። ደረቱ ከውስጥ እንደተመታ ይነሣል፣ ክንዱ አየሩን ይሰነጥቃል፣ እግሩ ወለሉን ይደልቃል። የከበቡት እየጮኹ ይጠጉታል። ሙዚቃው ግን ዣን ፊሊፕ ራሞ እ.ኤ.አ. በ1735 ፓሪስ ላይ ካሳየው «ሌ ዛንድ ጋላንት» ከተባለው ኦፔራ የተወሰደ ነው።

ፊልሙን በ2017 የሠራው ክሌማን ኮዢቶር ነው። ጭፈራው ክራምፕ ይባላል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈሮች የተፈጠረ፣ ንዴትን በሰውነት የማውጫ ጭፈራ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ከዜማው ጋር መግጠሙ ነበር። እግር መሬት ሲነካ ዜማውም እዚያው ያርፋል። ለምን?

ዜማው የሚገኘው በኦፔራው የመጨረሻ ክፍል፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሰላም ፒፓ ይዘው በሚጨፍሩበት ትዕይንት ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ግን ከኦፔራው በዕድሜ እንደሚበልጥ አወቅሁ፤ ራሞ ቀደም ብሎ ክላቭሰን ለተባለው የቁልፍ ሰሌዳ መሣሪያ ጽፎት ነበር። መልሱን ያገኘሁት በ1727 ለአንድ ገጣሚ ከላከው ደብዳቤ ነው። ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት በጣልያኖች ቲያትር የታዩትን ሰዎች ዘፈንና ጭፈራ በዜማ እንደቀረጸ ይነግረዋል። ሰዎቹ በ1725 ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከሉዊዚያና የመጡ ሁለት ነባር ተወላጆች ነበሩ።

ዜማው ገና ከጅምሩ የእግር ልጅ ነበር ማለት ነው። አሠራሩም ይመሰክራል፦ አዝማቹ ይመጣል፣ አዲስ ሐረግ ይገባል፣ አዝማቹ ይመለሳል። በክራምፕ ክብም አንዱ ገብቶ ይወጣል፣ ክቡ ይዘጋል፣ ሌላው ይገባል።

በመስከረም 2019 ኮዢቶር ሙሉውን ኦፔራ በፓሪሱ ባስቲል መድረክ አቀረበው፤ የፓሪስ ኦፔራ ተቋም 350ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ጊዜ ነበር። ኦርኬስትራውን ሊዮናርዶ ጋርሲያ አላርኮን መራ። ጭፈራውን ያዘጋጀችው በፓሪስ ዳርቻ ያደገችው ቢንቱ ደምበሌ ናት። ዜማው ያለበት የመጨረሻው ክፍል «አረመኔዎቹ» የሚል ርዕስ ይዞ ኖሯል፤ ራሞ በኖረበት ዘመን ፈረንሳውያን አርቲስቶች የሩቅ አገር ሰው መስለው ይጫወቱት ነበር። አሁን የገቡት ማንንም አልመሰሉም፤ በራሳቸው ሰውነት፣ በራሳቸው ጭፈራ ቆሙበት። ሃያሲዎች በዝግጅቱ ላይ አልተስማሙም። እኔ ግን ኦፔራውን ያበላሸ አልመሰለኝም፤ ከሁለቱ ሰዎች የተወሰደውን ለጨፋሪ የመለሰ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የክላቭሰኑን ቅጂ ብቻዬን አዳመጥሁ። ከበሮ የለበትም፤ አሥር ጣት ብቻ ነው። ግራው እጅ ከታች ሲመታ ግን እግር ይሰማኛል።