ምስክርነት በስልክ

በፍርስራሽ ሥር ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፁ ቢበዛ ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። ጎረቤቱም አብሮ ከተቀበረ ማን ይሰማዋል?

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ በኬንያ ምርጫን ተከትሎ ደም በፈሰሰ ጊዜ የሕግ ባለሙያዋ ኦሪ ኦኮሎህና ጓደኞቿ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ሕዝቡ በየአካባቢው ያየውን በስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ይልካል፤ የተላከውም በካርታ ላይ ይሰፍራል። ስሙን «ኡሻሂዲ» አሉት፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ዐረብኛ የቀመሰ አንባቢ ቃሉ ከ«ሸሃዳ» ሥር የተቀዳ መሆኑን ወዲያው ይለያል።

ዘዴው በሃይቲ በብርቱ ተፈተነ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መጠኑ 7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሪንስን አፈራረሰ። ተጎጂዎች በ4636 ቁጥር ያለ ክፍያ መልእክት እንዲልኩ ተደረገ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚጽፈው በክሪዮል ነው፤ ከውጭ የመጡት ረጂዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቋንቋውን አያውቁም። ይህን ችግር የፈቱት በባዕድ አገር የሚኖሩ የሃይቲ ተወላጆች ናቸው፤ መልእክቱን ይተረጉማሉ፣ የሰፈሩን ስም ስለሚያውቁም ቦታውን ይጠቁማሉ። ሌሎች በጎ ፈቃደኞችም የሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ የከተማይቱን መንገዶች «ኦፕንስትሪትማፕ» በተባለው ነጻ ካርታ ላይ ሳሉ።

ስልክ ግን እውነትንም ሐሰትንም እኩል ይሸከማል። በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክና ሶሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመቱ ጊዜ፣ በቱርክ ሐታይ ግዛት «ግድብ ፈረሰ» የሚል ሐሰተኛ ወሬ ተነዝቶ የተጎዳውን ሕዝብ ዳግም አስደነገጠ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት የመጣን ወሬ እንድናጣራ ማዘዙ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ምንኛ ያስፈልጋል! ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአፋር ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ በመንቀጥቀጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ቀበሌውንና በቅርብ ያለ የታወቀ ምልክት፣ የተጎጂዎችን ብዛት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ በዓይናችሁ ያያችሁት ወይም የሰማችሁት መሆኑን ጻፉ። የተጎጂውን ስምና ስልክ ለሚረዳው ወገን ብቻ ስጡ እንጂ በየቦታው አትበትኑ። ስልክ ለሌላቸው አረጋውያንም ጻፉላቸው።

አፋርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ የምታውቁ ወጣቶች ሆይ! በሃይቲ እንደታየው፣ ከእናታችሁ የተማራችሁት ቋንቋ የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።