እናት ከመፈረሟ በፊት፦ ለኮሌጅ ቀድሞ ማመልከት ወይስ መቆየት?

መስከረም በጠባ ቁጥር በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ አካባቢ ባሉ ብዙ ቤቶች አንድ ጥያቄ ከእራት ገበታ አይጠፋም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለቻቸው፣ እርሷም በአሜሪካን አገር በታወቀ ኮሌጅ እንድትማር የሚመኙ ወላጆች «አሁኑኑ ቀድመን እናመልክት ወይስ እስከ ገና ድረስ እንቆይ?» እያሉ ይመካከራሉ። በውጭ አገር ያለች አክስት በስልክ «ፍጠኑ!» ትላለች። የጎረቤት ልጅ ቀድማ አመልክታ ተቀባይነት ማግኘቷም በዕድሩም በማኅበሩም ይወራል። አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን» ሲል፣ ሌላው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተረቶች እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በተረት የሚቆረጥ አይደለም። ምክንያቱም ከማመልከቻዎቹ በአንደኛው ላይ የልጅዎ ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ፊርማ ይፈለጋል።

በመጀመሪያ የማመልከቻዎቹን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይገባል። መደበኛው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ማለትም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ይላካል። መልሱ በመጋቢት ይደርሳል፤ ቤተሰቡም የመጡትን መልሶች ጎን ለጎን አስተያይቶ እስከ ሚያዝያ 23 ቀን ይወስናል። የቅድሚያው ማመልከቻ ግን በብዙ ኮሌጆች ጥቅምት 22 ቀን ግድም ተልኮ በታኅሣሥ መጀመሪያ መልስ ያገኛል። ይኸውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ኧርሊ አክሽን» የሚባለው ሲሆን፣ ቀድሞ ከማመልከት በቀር ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው ሲሆን፣ ተማሪዋ ተቀባይነት ካገኘች ወደዚያው ኮሌጅ ልትሄድ፣ ለሌሎች ያቀረበቻቸውንም ማመልከቻዎች ልትሰርዝ ቃል የምትገባበት ነው። በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ተማሪዋ፣ ወላጅና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርማሉ። እንግዲህ «ቀድሞ ማመልከት» ሲባል ሁለቱን አደባልቆ መስማት ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ለምሳሌ ያህል ብራውን፣ ኮርኔል፣ ዳርትማውዝና ዱክ ቃል ኪዳን ያለበትን መንገድ ይከተላሉ። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ደግሞ ቀድማ የምታመለክተውን ተማሪ በቃል አያስሩም፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ለሌላ የግል ኮሌጅ በቅድሚያ እንዳታመለክት ይከለክላሉ።

ኮሌጆቹ ይህን ያደረጉት ለምንድን ነው? ቃል የገባች ተማሪ እንደምትመጣ ስለሚታወቅ፣ ኮሌጁ ወንበሮቹን ገና በታኅሣሥ በእርግጠኝነት መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ ቀድመው ካመለከቱት መካከል የሚቀበላቸው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ቁጥር ያዩ ወላጆች «ቀድሞ ያመለከተ ሁሉ ይገባል» ብለው ይደመድማሉ። ሆኖም በዚያ ቁጥር ውስጥ በስፖርት ችሎታቸው አስቀድመው የተመለመሉና ወላጆቻቸው በዚያው ኮሌጅ የተማሩ ልጆች እንደሚገኙበት መርሳት አይገባም። ደካማ ውጤት ቀድሞ ስለ ተላከ ብቻ ብርቱ አይሆንም።

ለእኛ ቤተሰቦች ዋናው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ከእነዚህ ኮሌጆች በብዙዎቹ የአንድ ዓመት ትምህርትና ኑሮ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ስለሆነም በደመወዝ የሚተዳደር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ተስፋው የኮሌጁ ዕርዳታ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪ ዕርዳታ መጠየቋን ለመቀበልና ላለመቀበል ምክንያት አያደርጉትም። በሌሎች በርካታ ኮሌጆች ግን የዕርዳታው ጥያቄ ከባዕድ አገር አመልካች ጋር አብሮ ይመዘናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ችግራቸውን ደብቀው «ከገባች በኋላ እንጠይቃለን» ይላሉ። ይህ አደገኛ ነው። ብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ ዕርዳታ ላልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ በኋላ አይሰጡም።

በቃል ኪዳኑ የተቀበላት ኮሌጅ የሚሰጠው ዕርዳታ የማይበቃ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ይህንኑ አስረድቶ ከቃሉ ሊፈታ ይችላል። ነገር ግን «ይበቃል» የሚለውን ሁለት ወገን ያሰላዋል። ኮሌጁ ከወረቀት ላይ ያሰላል፤ እናት ደግሞ ከቤት ወጪ ደብተሯ ላይ። ዕቁቡ፣ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ፣ ለአያት የሚላከው ተቆራጭ፣ የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በኮሌጁ ሒሳብ ውስጥ እናት በምታውቀው ልክ ላይታዩ ይችላሉ። ደግሞም ዶላር በአንድ ዋጋ አይቆይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዓመት 5 ሺህ ዶላር ብቻ የሚጎድለው ቤተሰብ 285 ሺህ ብር ገደማ ሲያስብ ቆይቶ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። በመደበኛው መንገድ ያመለከተች ልጅ በመጋቢት የሦስት ወይም የአራት ኮሌጆችን የዕርዳታ ደብዳቤ አስተያይታ የሚሻለውን ትመርጣለች። በቃል ኪዳን የታሰረችው ግን የምታየው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ይህን ችግር ኮሌጆቹ ራሳቸው አይተውታል። ሃርቫርድና ፕሪንስተን የቅድሚያ ማመልከቻ የተሻለ ኑሮና አማካሪ ላላቸው ልጆች ያደላል በማለት እ.ኤ.አ. በ2006 እንደሚተዉት አስታውቀው ነበር። ዳሩ ግን ሌሎቹ ብዙም ስላልተከተሏቸው እ.ኤ.አ. በ2011 መልሰው አመጡት። መንገዱ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ተራ ሐሜት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የልጅዎ ዝግጅት ነው። ጥቅምት 22 ቀን የ12ኛ ክፍል ትምህርት ገና ከተጀመረ ሁለት ወር አይሞላውም። ስለዚህ ቀድማ የምታመለክት ልጅ የምትመዘነው በተለይ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባስመዘገበችው ውጤት ነው። የኤስኤቲን ፈተናም በነሐሴ ወይም በመስከረም መጨረሻ ጨርሳ መገኘት ይኖርባታል። በ11ኛ ክፍል ታማ ወይም ትምህርት ቤት ቀይራ ውጤቷ የወረደባት፣ ዘንድሮ ግን የተነሣች ልጅ ብትቆይ ይሻላታል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጨረሻ ዳግመኛ ለመፈተን ጊዜ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቷም በኋላ ይላክላታል። በአንጻሩ ውጤቷ ያማረ፣ ድርሰቷን በክረምቱ የጨረሰች፣ የምትፈልገውን ኮሌጅም ለይታ የምታውቅ ልጅ ያለ ምክንያት የምትዘገይበት ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ የአገር ቤቱን በር አይዝጉ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚታወስ ነው። በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዳማው አቻው ጋር፣ ከብሔራዊው ፈተና ሌላ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። ከውጭ የሚመጣውን መልስ እየጠበቀች መጽሐፏን ያጠፈች ልጅ ከሁለቱም ትቀራለች።

እንግዲህ ከመፈረምዎ በፊት አንድ እሑድ ከባለቤትዎና ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች ይመርምሩ።

አንደኛ፣ ማመልከቻው ቃል ኪዳን ያለበት ነው ወይስ የሌለበት? የኮሌጁን መመሪያ ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ በወሬ አይመኑ።

ሁለተኛ፣ ይህ ኮሌጅ ብቻ ቢቀበላትና ሌላ ምርጫ ባይኖራት ደስ ይላታል? የወደደችው ትምህርቱን ነው ወይስ ስሙን?

ሦስተኛ፣ ቤተሰባችን በዓመት ቁርጥ አድርጎ ሊከፍል የሚችለው ስንት ነው? ይህን በቁጥር ጽፈው፣ እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ምን ያህል ዕርዳታ እንደሚያገኝ የኮሌጁን የገንዘብ ዕርዳታ ክፍል ቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ እንቢ ብትባል የሌሎቹ ኮሌጆች ማመልከቻ ተዘጋጅቷል? መልሱ ከሚመጣበት ቀን እስከ ታኅሣሥ 23 ያለው ጊዜ ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ በለቅሶ ካለፈ አይመለስም። ውሳኔው ወደ መደበኛው ጊዜ ቢተላለፍባት ግን ከቃሏ ነፃ ትሆናለች፤ ይህን አስቀድማ ትወቅ።

የአራቱም መልስ ከተሟላ ይፈርሙ፤ ቀድማም ታመልክት። የገንዘቡ ጥያቄ ካልተመለሰ ግን ቃል ኪዳን ያለበትን ይተዉ። ቃል የማያስረውን የቅድሚያ መንገድ ይፈልጉ ወይም እስከ ታኅሣሥ ይቆዩ። «የእገሊት ልጅ ገብታለች» ለሚልዎ ሰው የሚሰጡት መልስ ቢያጡ አይጨነቁ። የእገሊትን ልጅ ክፍያ እርስዎ አይከፍሉም፤ የእርስዎንም ልጅ ዕዳ ጎረቤት አይሸከመውም።