ግማሽ ኩባያ ሩዝ፦ የነርሷ የሩቢ ብራድሌ ሕይወት

በዘመቻ ቁስለኛ ስለምታክም ሴት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የምትለን፣ መዲና ውስጥ በድንኳኗ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል አስለሚያ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ናት። የእርሷን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ስንሰማ አድገናል። ዛሬ የምናነሳት ሴት ግን በአገርም በሃይማኖትም ከእኛ የራቀች፣ ዘመኗም ለእኛ የቀረበ አሜሪካዊት ናት። ስሟ ሩቢ ብራድሌ ይባላል።

ሩቢ በ1907 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ተራራማ በሆነው በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ስፔንሰር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ነርስ ከመሆኗ በፊት አስተማሪ ነበረች። የመምህርነት ትምህርቷን በ1926 ጨርሳ፣ ትልቁም ትንሹም በአንድ ክፍል ተደባልቆ በሚማርባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች አራት ዓመት አስተምራለች። እኛም ጠመኔ ስንይዝ የምንውል ሰዎች ነንና ይህችን አራት ዓመት ዝም ብለን ልናልፋት አልቻልንም። የገጠር አስተማሪ ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት የሚያየው የልጆቹን ፊት ነው፤ ቁርሱን ሳይበላ የመጣውን ከበላው ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም። ኋላ በምርኮ ያደረገችውን ስናነብ፣ ያ ልጆችን የሚያይ ዓይን ከዚያ ክፍል አብሯት የወጣ መሰለን።

በፊላዴልፊያ ከተማ ነርስነት ተምራ በ1933 ተመረቀች፤ በ1934 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የነርሶች ክፍል ውስጥ ገባች፤ በ1940 ወደ ፊሊፒንስ ተላከች። ዲሴምበር 8 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ሉዞን ደሴት ላይ የምትሠራበትን ካምፕ ጆን ሄይ ደበደቡ። ያን ጠዋት ሩቢ ለዕለቱ ቀዶ ሕክምና በመዘጋጀት ላይ ነበረች። ወሩ ሳያልቅ ተማረከች።

ምርኮው 37 ወር ቆየ። በመጀመሪያ ያሰሯት እዚያው በሠራችበት ካምፕ ነበር። በ1943 ግን ማኒላ ወደሚገኘው የሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሰዷት። ጃፓኖች ግቢውን እስር ቤት አድርገውት፣ ብዙ ሺህ ሲቪል ሰዎች ከነልጆቻቸው ታጉረውበት ነበር። ሩቢና ባልደረቦቿ ባገኙት መሣሪያ ሕክምናቸውን ቀጠሉ። በእነዚያ የምርኮ ዓመታት በ230 ከባድ የቀዶ ሕክምና ሥራዎች ረድታለች፤ 13 ሕፃናትንም አዋልዳለች።

ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ምግቡ አነሰ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጠዋት ግማሽ ኩባያ፣ ማታ ግማሽ ኩባያ ሩዝ ሆነ። እኛ በረመዳን ስንራብ መግሪብ እንደሚደርስ እናውቃለን፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ለረሃቡ ማብቂያ ሰዓት አልነበረውም። ሩቢ ከዚያችው ከድርሻዋ ቆጥባ በኪሷ እየደበቀች ለተራቡ ሕፃናት ትሰጥ ነበር። እየከሳች ስትሄድ ዩኒፎርሟ ሰፋባት። ታዲያ ምን አደረገች? በሰፋው ልብስ ሥር የቀዶ ሕክምና መሣሪያ እየሸሸገች በድብቅ ታስገባበት ጀመር! ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1945 የአሜሪካ ጦር ግቢውን ነፃ ሲያወጣ ክብደቷ 39 ኪሎ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት 50 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበር።

ስለ እርሷ የሚጻፈው ሁሉ ሜዳሊያዎቿንና የምስክር ወረቀቶቿን ይቆጥራል። 34 ናቸው። የእኛን ልብ የነካው ግን የዚያች ኪስ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከእንግዲህ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እርሷ ግን በ1950 ደግሞ ወደ ኮሪያ ጦርነት ሄደች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ የቻይና ጦር ወደ ፒዮንግያንግ እየተጠጋ ሳለ፣ ቁስለኞቹ በሙሉ አውሮፕላን ላይ ካልተጫኑ አልሄድም አለች። የመጨረሻው ቁስለኛ ከገባ በኋላ ራሷ ስትሳፈር፣ ገና ከመውረዷ አምቡላንሷ በጥይት ተመትቶ ፈነዳ። በ1951 የስምንተኛው ጦር ዋና ነርስ ሆና ከ500 የሚበልጡ ነርሶችን መምራት ጀመረች። በዚያው ዓመት ኮሪያ የደረሰው የእኛው ቃኘው ሻለቃም የተዋጋው በዚሁ ጦር ሥር ነበር። በ1953 ከኮሪያ ስትመለስ ወታደሮች ተሰልፈው በክብር ሸኟት።

በ1958 ኮሎኔል ሆነች፤ በ1963 ጡረታ ወጣች። ጡረታ ማለት ግን ለእርሷ መቀመጥ አልነበረም፤ ወደ ተወለደችበት ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተመልሳ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርታለች። ጀግና ሲሏት፣ በጦሩ ውስጥ ያገለገለች ነርስ ብቻ ተብላ ብትታወስ እንደሚበቃት ትናገር ነበር። በ2002፣ በ94 ዓመቷ ሞተች፤ በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ተቀበረች።