አንድ ቦይለር፣ ብዙ ጠያቂ፦ የተለያዩ የሙቀት ጭነቶችን በአንድ እሳት ማስተዳደር



ርዕሱን ስታነቡ «ጅማ ላይ ቤት ማሞቅ ማንን ያስጨንቃል?» ያላችሁ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በከተማችን ቤት ለቤት የተዘረጋ የጋዝ መስመር የለም፤ አየራችንም ራዲያተር የሚያስፈልገው አይደለም። ነገር ግን ሆስፒታል፣ ሆቴልና የተማሪዎች መኖሪያ ለሻወር፣ ለወጥ ቤትና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ ከአንድ ማሞቂያ ሊጠብቁ ይችላሉ። ከእናንተ መካከልም ነገ በረዶ በሚጥልበት አገር የሚሠራ ይኖራል። ነዳጁ ጋዝም ይሁን ሌላ፣ የቁጥጥሩ ጥያቄ ያው ነው።

የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። የእንዲህ ዓይነቱን ሥርዓት ጥራት የሚወስኑት ሁለት ጭነቶች ናቸው፦ ከሁሉ ትንሹና ከሁሉ ትኩሱ።

በማንኛውም የመንደራ ቆጪ ቤት ቡና ሲፈላ የሚታየው ይኸው ነገር ነው። የከሰል ምድጃው አንድ ነው፤ ሥራው ግን ይለያያል። ቡናው ሲቆላ እሳቱ መጠነኛ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ጀበናው ሲጣድ ይራገባል፤ ከፈላ በኋላ ግን እንዳይገነፍል ፍሙ ይበተናል ወይም አመድ ይለብሳል። እኛ በሙያችን ሞዱሌሽን የምንለው ይህንኑ ነው፤ እሳቱን በየጊዜው ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ መጠኑን ከሥራው ጋር ማመጣጠን።

ትንሹ ጭነት

በቀዝቃዛ አገር ያለ አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ውስጡ 20 ዲግሪ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሲሆን ቤቱ 12 ኪሎዋት ሙቀት ያጣል እንበል። ሙቅ ውሃ በፍጥነት እንዲያዘጋጅ ግን የ24 ኪሎዋት ቦይለር ተገጥሞለታል። ቦይለሩ እሳቱን እስከ አንድ አምስተኛ ዝቅ ማድረግ ቢችል፣ ዝቅተኛ ኃይሉ 4.8 ኪሎዋት ነው።

ውጭው 12 ዲግሪ በሆነበት ቀን የሙቀቱ ልዩነት ከ32 ወደ 8 ዲግሪ ስለሚወርድ ጭነቱ 3 ኪሎዋት ይሆናል። መታጠቢያ ክፍሉ ብቻውን ሲጠራ ደግሞ ግማሽ ኪሎዋት ይበቃዋል። ያን ጊዜ 4.3 ኪሎዋት መሄጃ ያጣል። በመስመሩ ውስጥ 20 ሊትር ውሃ ካለ፣ ትርፉ ውሃውን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 3 ደቂቃ ከሩብ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። በእያንዳንዱ መነሻ ማራገቢያው የማቃጠያውን ክፍል በአየር ስለሚያጸዳ ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የማቀጣጠያውና የቫልቮቹ ዕድሜም ያጥራል።

ይህን ችግር የፒአይዲ ቁጥሮችን በመነካካት መፍታት አይቻልም፤ ቦይለሩ ከዝቅተኛ ኃይሉ በታች መውረድ አይችልምና። መፍትሔው ሦስት መልክ አለው። ዝቅተኛ ኃይሉ ያነሰ ቦይለር መምረጥ አንዱ ነው። ጥቃቅን ክፍሎችን አጣምሮ በአንድ ቴርሞስታት እንዲጠሩ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው የመጠባበቂያ ታንክ መጨመር ነው፤ 100 ሊትር ቢጨመር ያ የ3 ደቂቃ ንዳድ ወደ 19 ደቂቃ ተኩል ይረዝማል።

ትኩሱ ጭነት

የወለል ማሞቂያ 35 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ራዲያተር 55 ሊፈልግ ይችላል፤ የሙቅ ውሃ ታንክ ሲሞላ 70 ይጠይቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠሩ ተቆጣጣሪው ከፍተኛውን ይመርጣል፤ ዝቅ ያለ የሚፈልገው በማደባለቂያ ቫልቭ ተመላሽ ውሃ እየተጨመረለት ይቀበላል።

ሁሉም ድርሻውን ያገኛል፤ ዋጋው ግን ይንራል። በዘመናዊ ቦይለር ውስጥ የጭሱ ተን ወደ ጠብታ ተለውጦ ሙቀቱን የሚሰጠው ተመላሹ ውሃ በግምት ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። በተፈጥሮ ጋዝ ጭስ ተን ውስጥ ያለው ሙቀት ተኑ ሳይጠብ ከሚገኘው ሙቀት 11 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 75 ዲግሪ የምትጠይቅ አንዲት ጠባብ ራዲያተር ለመላው ቤት ይህን ጥቅም ልታሳጣ ትችላለች። እሷን በሰፊ መለወጥ ከማንኛውም ውድ ተቆጣጣሪ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። በዚህ ላይ የውጭውን አየር የሚለካ ዳሳሽ ሲጨመር፣ አየሩ ለስለስ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው የውሃ ሙቀት አብሮ ይወርዳል።

ቅድሚያ ለማን?

የሙቅ ውሃ ታንክ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባበት በ60 ዲግሪ ይያዛል። ይህ ጥሪ ሲመጣ ሌሎቹን ለጊዜው ማቆም ይመረጣል፤ ግድግዳና ወለል ሙቀት ስለሚይዙ ቤቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቋረጡን እምብዛም አያስተውልም። ቅድሚያው ግን የጊዜ ገደብ ይፈልጋል። ልብስ ማጠቢያው ቀኑን ሙሉ ሲጠራ በሚውልበት ተቋም፣ ገደብ የሌለው ቅድሚያ ሌላውን ሁሉ ያስርበዋል።

ከፍታ የሚለውጠው ነገር

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሩም የሳሳ ነው። ማራገቢያ ለሌላቸው ማቃጠያዎች የተለመደው የሙያ ስሌት በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት 24 ኪሎዋት የተጻፈበት ዕቃ እዚህ ወደ 18.5 ይወርዳል። የጭሱ ተን የሚጠብበት ሙቀትም በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ስለሚል፣ ተመላሹ ውሃ ይበልጥ መቀዝቀዝ አለበት። የከፍተኛ ሙቀት መከላከያውም ለባሕር ጠረፍ በታሰበ ቁጥር መተው የለበትም።

ነገ ለአንድ ሆስፒታል ወይም ለተማሪዎች መኖሪያ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ከከፍተኛው ኃይል ጎን ዝቅተኛው ኃይል ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያም የጭነቶቹን ዝርዝር ዘርግታችሁ ከሁሉ ትንሹን ጭነትና ከሁሉ ትኩሱን ጥሪ አስምሩባቸው። ሁለቱ ሳይታወቁ የተገዛ ማሞቂያ ነዳጅ ሲያባክንና ሲሰበር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሙቅ ውሃ የሚጠብቀው ሕመምተኛና ተማሪ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።