ያውቁ ኖሯል? አዲሱ የጌም ላፕቶፕዎ ሙሉ አቅሙን ላይጠቀም ይችላል

«144 ኸርዝ» ተብሎ የተገዛ ስክሪን ሴቲንጉ ካልተነካ በ60 ኸርዝ ሲሠራ ሊኖር ይችላል። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል፤ በ144 ግን ከ7 በታች። የመኪና ውድድር ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ በግልጽ ይታያል! በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብለው ይግቡና ሪፍሬሽ ሬቱን ከፍ ያድርጉ።

ሲጫወቱ ቻርጀሩን አይንቀሉ፤ ባትሪ ብቻውን ግራፊክስ ካርዱ የሚፈልገውን ያህል ኃይል አይሰጥም።

አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ ይህ ይጨመር፦ አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ ከሥሩ ያሉት የአየር መግቢያዎች ይታፈናሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት።