ሥዕልም ይነበባል

በነገሌና በዙሪያዋ የምትገኙ አዲስ አንባብያን፣ ዛሬ የምናጠናቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ ሙዚየም እና ዐውደ ርእይ። በየደብተራችሁ ጻፏቸው።

ሙዚየም የሰው እጅ ሥራ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ዐውደ ርእይ ደግሞ ከተጠበቀው ተመርጦ ወይም ከሌላ ቦታ በውሰት መጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ለዓይን የሚቀርብ ዝግጅት ነው። በተለምዶ ኤግዚቢሽን የምንለው እሱኑ ነው። ቤቱ ይቆያል፤ ዝግጅቱ ይለወጣል።

እስቲ ከነገሌ ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ እንድረስ። እዚያ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበረ። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በውስጡ ተደራጀ። ንጉሡ ይተኙበት የነበረው ክፍል ሳይቀር ለሕዝብ ታይቷል። እኔን የገረመኝ ግን የዕቃው አደራደር ነው። «ይህ የእገሌ ሕዝብ፣ ያ የእገሌ ሕዝብ» ተብሎ አልተከፋፈለም። በሰው ዕድሜ ነው የተደረደረው፤ መጀመሪያ ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ሞት። የአንዱ ሕዝብ ዕቃ ከሌላው ጎን ይቆማል። ማንም አፉን ሳይከፍት አደራደሩ ራሱ ተናገረ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሌላም ሙዚየም አለው። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም ተሰይሟል። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ሥዕል ተምሮ፣ ተመልሶም በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ጀርመን አገር የቀሩት ሥዕሎቹ ግን ወደ አገራቸው ገቡ። ጎልጎታ የሚባል ሥዕል አለው። ስቅለትን ያሳያል፤ ይሁንና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደሚታየው አይደለም። ቀዩ ቀለም ነው ሕመሙን የሚናገረው። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ሥዕል ማለት ያዩትን መምሰል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

በዚህ ቤት ግድግዳው አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። አንድ ሰሞን ሥዕል፣ ሌላ ሰሞን ፎቶግራፍ ይሰቀልበታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የጁሊ መሕረቱ ሥራዎች ታይተውበት ነበር። እሷ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። በትልልቅ ሸራ ላይ መስመር በመስመር ላይ ትደራርባለች። ከሩቅ ሲያዩት አቧራ የተነሣበት ከተማ ይመስላል፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የታየኝ።

ታዲያ ለምን ይቀያየራል? አንዱ ምክንያት ብርሃን ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጨርቅ እንደሚነጣ ሁሉ፣ በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕልና ፎቶግራፍም ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። ጥቂት ወር ታይቶ ጨለማ ውስጥ ማረፍ አለበት። ሌላው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰቀልም። ስለዚህ አንድ ሰው ይመርጣል። የመረጠውን እናያለን፤ የተወው መጋዘን ይቀራል።

ከየሥዕሉ አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ ትለጠፋለች። የሠሪው ስም፣ የሥራው ስም፣ ዓመቱ፣ የተሠራበት ነገር ይጻፍባታል። አራት መስመር ብትሆን ነው። እናንተ ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። በሥዕሎቹ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስም ይገኛል፤ በቤት ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። «የወተት ዕቃ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይታለፋል። የሸመነችው ሴት የት ሄደች?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጎረቤቶቻችን ኮንሶዎች ለጀግና መታሰቢያ ዋካ የሚባል ምስል ከእንጨት ይቀርጻሉ። የሟቹ፣ የሚስቶቹ፣ የገደለው አውሬ ምስል አብሮ ይቆማል። በቦታው ቆሞ ሳለ የአገሩ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። ብዙዎቹ ግን ተሰርቀው ተሸጡ። ስምና ቦታ አብሮ ስላልሄደ፣ በሰው አገር ሳሎን ውስጥ ዋካው የተጠረበ እንጨት ብቻ ሆነ። የኮንሶ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንኳ የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም።

ይህን ለማታ ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። በማግሥቱ አንዲት እናት ጎርፋ ይዘው መጡ። ጎርፋ፣ እንደምታውቁት፣ ከተክል ቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የሚሸመን የወተት ዕቃ ነው፤ የጭስ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጠረጴዛ ላይ አኖርነውና ጽሑፉን አብረን ማዘጋጀት ጀመርን። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዱ «ዋጋው ይጻፍ» አለ። ሌላው «ዋጋ ከተጻፈማ ገበያ ሆነ» አለው።

እናታችን «እናንተ ተዉት፣ እኔ እጽፋለሁ» ብለው ጠመኔውን ተቀበሉኝ። በሰሌዳው ላይ ቀስ እያሉ «ጎርፋ። የወተት። ነገሌ» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ የራሳቸውን ስም ጻፉ። የጨረሱ መስሎን ልናጨበጭብ ስንል «ቆዩ እንጂ! እናቴ ናት ያስተማረችኝ» አሉና ከስማቸው በላይ፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ የእናታቸውን ስም ጨመሩ።